ማኅበሩ የማፍያ ነው ወይ? ስለ ኒው ዮርክ የግንባታ ሠራተኞች ማኅበራት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ በዲቪ ኒው ዮርክ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። እስካሁን ማኅበር በሌላቸው ትንንሽ ሥራ ተቋራጮች ዘንድ በአናጢነት ስሠራ ቆይቻለሁ። አሁን በአናጢዎች ማኅበር የሙያ ልምምድ ለመግባት ፎርም ሞልቻለሁ። አጎቴ ግን “እሱ የማፍያ ነው፤ ከደመወዝህ እየቆረጡ ለወንበዴ ነው የሚሰጡት” ብሎ ልቤን ከፈለው። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ የሠራተኛ ማኅበር እንዴት በወንጀለኛ እጅ ይገባል?»

ወንድሜ፣ አጎትህ ነገሩን ከሜዳ አንስቶ አልነገረህም። ማፍያ በኒው ዮርክ የግንባታ ሠራተኞች ማኅበራት ላይ የነበረው እጅ በፍርድ ቤት የተረጋገጠ፣ መዝገቡም ለማንም ክፍት የሆነ ጉዳይ ነው። አጎትህ የተሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ግን ዋናው ቦታ ላይ ነው። ማን ከማን እንደሰረቀ አገላብጦ ነግሮሃል። እኔ ለብዙ ዓመታት እንጀራዬን የበላሁት ለጡረታና ለሕክምና ፈንዶች ተቀጥሬ የሥራ ተቋራጮችን የደመወዝ መዝገብ በመመርመር ነው። ስለዚህ ነገሩን የማውቀው ከታች፣ ከሠራተኛው የሰዓት ወረቀት ጀምሬ ነው። ውሳኔህ የዕድሜ ልክ ሙያህን የሚነካ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልስልሃለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሁለቱን ሀገሮች አሠራር እንለይ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው አስቀድሞ በድርጅት ይቀጠራል፤ ማኅበሩ የሚቋቋመው እዚያው ድርጅት ውስጥ ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉበት ድርጅት ከሆነ አዋጁ ይፈቅድላቸዋል። አሠሪው ቋሚ ነው፤ ማኅበሩ እሱን ተከትሎ ይመጣል። የአሜሪካ ግንባታ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። አናጢው ለአንዱ ተቋራጭ ሦስት ሳምንት ይሠራል፣ ሥራው ሲያልቅ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በዓመት ውስጥ አምስትና ስድስት አሠሪ ሊኖረው ይችላል። የማይቀየረው ማኅበሩ ነው። ተቋራጩ ሰው ሲፈልግ ወደ ማኅበሩ ይደውላል፤ ማኅበሩ ከሥራ ፈላጊዎች ዝርዝር ስም ጠርቶ ይልክለታል። ጡረታህና የሕክምና ዋስትናህም የሚጠራቀመው ተቋራጮቹ ሁሉ በሠራህላቸው ሰዓት ልክ በሚያዋጡበት የጋራ ፈንድ ውስጥ ነው።

ይህ አሠራር ለሠራተኛው በጎ ታስቦ የተፈጠረ ነው፤ በጎም ነው። አሠሪው በየወሩ ለሚለዋወጥበት ሰው ጡረታ የሚባል ነገር የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ማን ሥራ እንደሚያገኝ የሚወስነው ዝርዝር፣ ሥራ ማስቆም የሚችለው አድማ፣ የሠራተኛው ገንዘብ ያለበት ካዝና፣ ሦስቱም በጥቂት ሰዎች እጅ ላይ ያርፋሉ። እነዚያን ጥቂት ሰዎች የያዘ ሁሉ ከተማውን ያዘ ማለት ነው። ወንበዴው ሺህ አባላትን ማስፈራራት አይጠበቅበትም፤ አንድ ፕሬዝዳንትና በየሥራ ቦታው ማኅበሩን የሚወክሉ ጥቂት ተጠሪዎች ይበቁታል።

አንተ አናጢ ስለሆንክ ኮንክሪት ሲፈስ ታውቃለህ። ፎርምወርኩን፣ ማለትም ኮንክሪቱ የሚፈስበትን ቅርጽ፣ ገጥመህ፣ ብረቱ ታስሮ፣ መኪናው ሲመጣ ሰው ሁሉ ይሮጣል። ምክንያቱም ድብልቁ ከፋብሪካው ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ ሰዓት ይቆጠርበታል። ለአሥርተ ዓመታት የሠራው የአሜሪካ መለኪያ ኮንክሪቱ በ90 ደቂቃ ውስጥ፣ በርሜሉም 300 ጊዜ ሳይዞር ይፍሰስ ይል ነበር። አሁን አንድ ጠዋት በዓይነ ሕሊናህ ሳል። ስምንት መኪናዎች መንገዱ ዳር ተሰልፈዋል። የመጀመሪያው የወለሉን ሩብ አፍስሷል። የሹፌሮቹ ማኅበር ተጠሪ ወደ ሁለተኛው መኪና ቀረብ ብሎ «የዚህ ሹፌር የማኅበር ካርድ ላይ ጥያቄ አለኝ» ይላል። አይጮህም፣ አይዝትም፣ ወረቀት ነው የሚያገላብጠው። ፎርማኑ ሰዓቱን ያያል። በርሜሉ ይዞራል። ከአርባ ደቂቃ በኋላ የፈሰሰው መያዝ ጀምሯል፤ መኪናው ላይ ያለው ሊደፋ ነው፤ መሐንዲሱ ነገ መጥቶ ወለሉን አፍርሱት ሊል ይችላል። የባንኩ ወለድ ደግሞ ለማንም አይቆምም። በዚያች ሰዓት ተቋራጩን «ይህ ዳግመኛ እንዳይደርስብህ ስንት ትከፍላለህ?» ብትለው በዋጋ አይከራከርህም።

ማፍያ በግንባታው ዓለም ለብዙ ጊዜ የሸጠው ሸቀጥ ይህ ነው፤ የሥራ ሰላም። የሚሸጠው ግን የራሱ አልነበረም። ሥራ የማቆም መብት የሠራተኛው ነው፤ አባቶች የታሰሩለትና የሞቱለት መብት ነው። እነ እገሌ ያንን መብት ከባለቤቱ ሰርቀው ለአሠሪው መልሰው ቸረቸሩት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ከዓመታት በኋላም ያንገበግበኛል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ «የኮንክሪት ክለብ» የሚባል ነገር ነበር። ዕቁብ ብዬ ባስረዳህ ቶሎ ይገባሃል። ጥቂት የኮንክሪት ተቋራጮች አባላት ናቸው። ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ሥራ ሲወጣ ተራው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። ባለተራው ዋጋውን አሳብጦ ያስገባል፤ ሌሎቹ ከእሱ በላይ እየጻፉ ለይስሙላ ይጫረታሉ። የዕቁቡ ዳኛ «ኮሚሽን» የሚባለው፣ «ቤተሰብ» ተብለው የሚጠሩት የማፍያ ቡድኖች አለቆች ጉባኤ ነው። ባለተራው ከውሉ ዋጋ 2 በመቶ ለእነሱ ይከፍላል። ከ2 ሚሊዮን በታች ያለው ከቤተሰቦቹ የአንዱ፣ የኮሎምቦ ቤተሰብ ድርሻ ነበር። ትልልቆቹን ሥራዎች ደግሞ አለቆቹ ራሳቸው በስውር ድርሻ የነበራቸው ኩባንያ ይወስዳቸው ነበር። በዕቁብ ሰው የገዛ ገንዘቡን ያዋጣል፤ በዚህኛው ግን የሚያዋጣው ሕንፃውን ያሠራው ሰው፣ በመጨረሻም ኪራይ ከፋዩ ነው።

ከክለቡ ውጭ ያለ ተቋራጭ ደፍሮ ቢጫረትስ? ማኅበሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ራልፍ ስኮፖ የሲሚንቶና የኮንክሪት ሠራተኞች ማኅበር የአውራጃ ምክር ቤት፣ ማለትም የአካባቢው ቅርንጫፎች የሚጠቃለሉበት አካል፣ ፕሬዝዳንት ነበር፤ በዚያው ጊዜ የኮሎምቦ ቤተሰብ አባል ነበር። ተራውን ያልጠበቀ ተቋራጭ ሠራተኛ አያገኝም፤ ሠራተኛ ቢያገኝ ኮንክሪቱ አይደርስለትም። ኮንክሪትና ሌላ የግንባታ ዕቃ የሚያጓጉዙትን ሹፌሮች የያዘው የቲምስተርስ ማኅበር ቁጥር 282 ቅርንጫፍ በጋምቢኖ ቤተሰብ ሥር ነበርና። የዚያ ቅርንጫፍ ፕሬዝዳንት የነበረው ጆን ኮዲ በ1982 በማፍያዊ ወንጀል ተፈርዶበት ታሰረ። ከዓመታት በኋላ ከጋምቢኖ አለቃ ከጆን ጎቲ ቀጥሎ የነበረው ሳልቫቶሬ ግራቫኖ ለመንግሥት መሰከረ፤ ከምስክርነቱ ውስጥ ቅርንጫፉን እሱ ራሱ ለቤተሰቡ ይቆጣጠር እንደነበር ይገኝበታል። ጎቲ በ1992 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ ቅርንጫፉም በ1995 በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር ገባ።

ክለቡን የሰበረው «የኮሚሽን ክስ» የሚባለው ነው። በ1985 የኒው ዮርክ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ የነበረው ሩዶልፍ ጁሊያኒ አለቆቹን በአንድ መዝገብ ከሰሳቸው። መሣሪያው በ1970 የወጣው «ሪኮ» የሚባለው ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ሕጉ አንዱን ወንበዴ በአንድ ወንጀል ነበር የሚይዘው፤ ሪኮ ግን ድርጅቱን እንደ ድርጅት ለመክሰስ አስቻለ። ማስረጃው በአብዛኛው ድምፅ ነው። መርማሪዎች የሉኬዚ ቤተሰብ አለቃ አንቶኒ ኮራሎ ይመላለስባት በነበረች ጃጓር መኪና ውስጥ መቅረጫ ደብቀው ለወራት አዳምጠዋል። ከተከሳሾቹ አንዱ የነበረው የጋምቢኖ ቤተሰብ አለቃ ፖል ካስቴላኖ ለፍርዱ አልደረሰም፤ በዲሴምበር 1985 ማንሃተን ውስጥ ከምግብ ቤት ደጃፍ ተገደለ። በኖቬምበር 1986 ለፍርድ የቀረቡት ሁሉ ጥፋተኛ ተባሉ። በጃንዋሪ 1987 አንቶኒ ሳሌርኖ፣ ኮራሎና ካርማይን ፐርሲኮ እያንዳንዳቸው 100 ዓመት ተፈረደባቸው። የማኅበሩ መሪ ስኮፖም እንዲሁ 100 ዓመት። ማኅበር መሪ ሆኖ ከማፍያ አለቆች እኩል መፈረዱ ዳኛው ነገሩን እንዴት እንዳየው ይነግርሃል።

የመስኮቶቹ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ የድሆች መኖሪያ ሕንፃዎችን የሚያስተዳድረው የቤቶች ባለሥልጣን ያረጁ መስኮቶችን በአዲስ ያስቀይር ነበር፤ የሥራው ጠቅላላ ዋጋ 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በ1990 በወጣው ክስ መሠረት አራት የማፍያ ቤተሰቦች ከብረት ሠራተኞች ማኅበር ቅርንጫፍ ጋር ሆነው ጨረታውን ተከፋፈሉት፤ ከየመስኮቱ ላይም አንድና ሁለት ዶላር ይወስዱ ነበር። አንድ ዶላር ትንሽ ይመስላል። ግን ያ መስኮት የሚገባው ልጇን ከብርድ ልትሸሽግ ለምትሞክር የጎዳና ጠራጊ ቤት ነው።

እስካሁን የነገርኩህ የታወቀው ታሪክ ነው፤ ዝርፊያውን ከላይ ያሳያል። አጎትህ ያገላበጠው ግን ከታች ያለው ነው። ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ወንበዴው አስፈራሪ፣ ተቋራጩ ተጎጂ ይሆናል። አንዳንዴ እውነት ነው። ባገላበጥኳቸው መዝገቦች ውስጥ ግን በብዛት ያየሁት ተቋራጩ ራሱ ገዢ ሆኖ ነው። ሒሳቡን ተመልከት፤ ቁጥሩ የእኔ ምሳሌ ነው። አንድ አናጢ ደመወዙና ለፈንዱ የሚከፈልለት መዋጮ ተደምሮ ተቋራጩን በሰዓት 100 ዶላር ያስወጣዋል እንበል። ተቋራጩ ሰውየውን ከመዝገብ ውጭ በጥሬ ገንዘብ 40 ዶላር ቢከፍለው በሰዓት 60 ዶላር ያተርፋል። ሃያ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ሲሠራለት 48,000 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ ዓይኑን ለሚጨፍን ተጠሪ 1,000 ዶላር ቢሰጥ ምን ይጎዳዋል? ያ 48,000 የማን ገንዘብ ነው? የሠራተኛው ነው። ጡረታው፣ የልጁ ሐኪም፣ የጥርሱ ሕክምና ነው።

ይህ የሚፈጸምበት ወረቀት በጣም ተራ ነገር ነው። የሥራ ቦታው ተጠሪ በየሳምንቱ ማን ስንት ሰዓት እንደሠራ ጽፎ ለማኅበሩ ይልካል። ፈንዱ ያንን ወረቀት ተቋራጩ ከሚያስገባው መዋጮ ጋር ያመሳክራል። ጉቦ የበላ ተጠሪ ሃያ አናጢ ባለበት ቦታ አራት ስም ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ነገር ሁሉ ቀጥ ያለ ነው፤ ሁለቱ ወረቀቶች ስለሚስማሙ ጥያቄ የሚያነሳ አይኖርም። ሽጉጥ የለም፣ ማስፈራሪያ የለም። እኔ አንዱን ሐሰተኛ ወረቀት በእጄ ይዤ ያየሁት በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ስሞቹ በፊደል ተራ ተደርድረው ነበር።

አንተ ልትገባበት ያለው የአናጢዎች የአውራጃ ምክር ቤት ታሪክ የዚህ ማሳያ ነው። በ1981 የተከሰሰው ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ማሪታስ ችሎቱ ያለ ውሳኔ ከፈረሰ በኋላ በ1982 ደብዛው ጠፋ፤ እንደተገደለ ነው የሚታመነው። በ1986 ደግሞ ጆን ኦኮነር የተባለው የቁጥር 608 ቅርንጫፍ መሪ በጥይት ተመታ፤ ተረፈ። ምክንያቱ ሲነገር የማኅበር አባል ባልሆኑ ሠራተኞች የተሠራ፣ ከጋምቢኖ ቤተሰብ ጋር የተያያዘ ምግብ ቤት ሰዎች ገብተው ሰባብረውት ስለነበር ነው። ጎቲ በዚህ ተከሶ በ1990 ነፃ ወጣ። መንግሥት በ1990 በማኅበሩ ላይ በሪኮ የፍትሐ ብሔር ክስ መሠረተ፤ በማርች 1994 በስምምነት ተዘጋ፤ ማኅበሩ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚሾም ተቆጣጣሪ ተቀመጠበት። በ1998 ፕሬዝዳንት የነበረው ፍሬድሪክ ዴቫይን የማኅበሩን ገንዘብ በመስረቅ ተፈረደበት። ተቆጣጣሪው እዚያው ቁጭ ብሎ ሳለ ቀጣዩ መሪ ማይክል ፎርድ በ2009 ተያዘ፤ ከተቋራጮች ጉቦ እየተቀበለ ከላይ ያሰላሁልህን ዓይነት የጥሬ ገንዘብ ክፍያ ይፈቅድ ነበር። በ2010 ጥፋቱን አምኖ 11 ዓመት ተፈረደበት።

ታዲያ አባላቱ የት ነበሩ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ በሠራተኛው ላይ ይፈርዳል። እኔ አልፈርድም። በፋብሪካ የሚሠራ ሰው በማኅበሩ መሪ ላይ ቢናገር ነገም ያው ማሽኑ ላይ ይቆማል። በግንባታ ግን የተናገረው ሰው ስሙ ከዝርዝሩ ላይ ይዘለላል። ማንም አያባርረውም፤ ስልኩ ብቻ አይጠራም። ሁለት ወር ስልኩ ያልጠራ ሰው የቤት ኪራይ የለውም፤ የሕክምና ዋስትናውም በሠራው ሰዓት ልክ ስለሆነ እሱም ይቋረጣል። ከዚህም የከፋ ነበር። ከወንዙ ማዶ በኒው ጀርሲ የቲምስተርስ ቁጥር 560 ቅርንጫፍ ውስጥ አንቶኒ ካስቴሊቶ የሚባል ሰው በ1961 የመሪው የአንቶኒ ፕሮቬንዛኖ ተቀናቃኝ ሆኖ በመነሳቱ ተገደለ። ፕሮቬንዛኖ በግድያው የተፈረደበት በ1978 ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አባላቱ ሁሉ ያውቁ ነበር፣ እሱም ያውቅ ነበር። በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለው ሳይወድ በግዱ ነው። ያ ቅርንጫፍ በሪኮ ሕግ በፍርድ ቤት ባለአደራ ሥር የገባ የመጀመሪያው የአሜሪካ ሠራተኛ ማኅበር ሆነ። ባለአደራው ገብቶ በ1988 ነፃ ምርጫ ሲደረግ አባላቱ የመረጡት ፍርድ ቤቱ ከመሪነት ያገደውን ሰው ወንድም ነበር። ፍርሃትና ልማድ በአንድ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይለቁም። ቅርንጫፉ ከቁጥጥር ነፃ የወጣው በ1999 ነው።

ይህ ነገር የጣሊያናውያን ጉዳይ ነው የሚል ሰው ካጋጠመህ አትስማው። በካናዳ የኪቤክ ክፍለ ግዛት በ2011 የተቋቋመው የሻርቦኖ ኮሚሽን የማፍያና የሞተር ብስክሌት ወሮበሎችን እጅ በግንባታው ዘርፍና በግንባታ ማኅበራቱ አካባቢ አግኝቷል። በአውስትራሊያ ደግሞ በኦገስት 2024 መንግሥት ሕግ አውጥቶ ታላቁን የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር በባለአደራ ሥር አደረገው፤ የሞተር ብስክሌት ወሮበሎች በየሥራ ቦታው ተጠሪ ሆነው ተገኝተዋል በሚል ነው። ሀገሩና ዘሩ ይለያያል። ኮንክሪት አለመጠበቁ፣ አሠሪው መቀያየሩ፣ ተጠሪው ብቻውን በሩ ላይ መቆሙ ግን አንድ ነው።

አሁን ወዳለንበት ዘመን ልምጣ። ማፍያ እንደ 1980ዎቹ ከተማውን አይዝም፤ አልጠፋምም። በሴፕቴምበር 2021 የኮሎምቦ ቤተሰብ መሪዎች የተከሰሱት በኒው ዮርክ ኩዊንስ ክፍል ውስጥ ያለ የግንባታ ሠራተኞችን የሚወክል ማኅበር በእጃቸው ሊያስገቡ ሞክረዋል ተብለው ነው። ክሱ እንደሚለው ከ2001 ገደማ ጀምሮ ከአንድ የማኅበሩ ከፍተኛ ኃላፊ ደመወዝ ላይ ሲቆርጡ ቆይተው ኋላ ላይ የሕክምና ፈንዱን ራሱን ሊጠቀልሉት ተነሱ። የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር የግንባታ ማኅበራት ምክር ቤት ፕሬዝዳንት የነበረው ጄምስ ኬሂልም ማኅበር ከሌለው ተቋራጭ ጉቦ በመቀበል በ2023 አራት ዓመት ተፈርዶበታል፤ ለዚያኛው ማፍያ እንኳን አላስፈለገም። በአናጢዎቹም ዘንድ በ2021 የተካሄደው ምርጫ በአንድ ቅርንጫፍ የድምፅ ወረቀት ስለተጭበረበረ በተቆጣጣሪው ተሰርዟል። እኔ ይህን በበጎ ነው የማየው፤ በማሪታስ ዘመን የሚሰርዘው አልነበረም።

ከፎርድ በኋላ ከመጡት ለውጦች ለእኔ ትልቁ ተቆጣጣሪው አይደለም፣ የኤሌክትሮኒክ ሰዓት መመዝገቢያው ነው። ሰዓቱ ከሥራ ቦታው በቀጥታ ይመዘገባል፤ በሰማያዊ ቀለም የሚጻፈው ወረቀት የነበረውን ሥልጣን አጥቷል። ዐቃቤ ሕግ አንዱን ሌባ ሲያስር የሌባው ወንበር ባዶ ሆኖ ሌላ ይጠብቃል። ወንበሩን የሚያጠበው የሰዓት መዝገቡ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄህ፦ ግባ። ከደመወዝህ የሚቆረጠው መዋጮ ለወንበዴ የሚሄድ አይደለም፤ ወንበዴው በዋናነት ሲሰርቅ የኖረው ጭራሽ ያልተቆረጠውን፣ ያልተመዘገበውን ሰዓት ነው። አሁን ማኅበር በሌለው ተቋራጭ ዘንድ የምትሠራ ከሆነ ያ ጡረታ ከነአካቴው የለህም።

ሁለት ነገር ግን አደራ። «ካርዱን በገንዘብ አወጣልሃለሁ» የሚል ደላላ፣ የሀገርህ ልጅም ቢሆን፣ ከመጣ ሽሽ። በዚሁ ከተማ የአናጢዎች ቁጥር 157 ቅርንጫፍ ፕሬዝዳንት የነበረ ሰው የማኅበር አባልነትን በጥሬ ገንዘብ በመሸጥ በ2021 ጥፋተኛ ተብሏል። ካርድ የገዛ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሻጩ እጅ ነው፤ በኋላ «ግማሹን ቀን ያለ መዝገብ ሥራ» ሲሉት እምቢ የሚልበት አፍ የለውም። ሁለተኛ፣ መብትህን በወረቀት እወቀው። ከ1959 ጀምሮ ባለው ሕግ የቅርንጫፍ ማኅበር መሪዎች ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ በምስጢር ድምፅ መመረጥ አለባቸው፤ ማኅበሩም የሒሳብ ሪፖርቱን በየዓመቱ ለፌዴራል የሠራተኛ ሚኒስቴር ያስገባል። ሪፖርቱን ከሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ማንም ያለ ክፍያ ያነበዋል፤ የመሪህ ደመወዝ በስሙ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ከፈንዱም የተመዘገበልህን ሰዓት የሚያሳይ ወረቀት መጠየቅ ትችላለህ። ጠይቅ። አታፍር።

ኪስህ የሚገባ ደብተርም ግዛ። ከዓመታት በፊት አንድ ተቋራጭ ስመረምር የተጠሪው ወረቀትና የደመወዝ መዝገቡ ሰዓት በሰዓት ገጠሙ፤ ፋይሉን ልዘጋው ስል ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አንድ ያረጀ አናጢ ወደ ቢሮዬ መጣ። እንግሊዝኛው ከእኔ ያነሰ ነበር። ከጀርባ ኪሱ በላስቲክ የታሰረ፣ ዳሩ በላብ የጠቆረ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። በየቀኑ ቀኑን፣ የሕንፃውን አድራሻ፣ የፎርማኑን ስም፣ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት፣ አብረውት የሠሩትን ሰዎች ስም ጽፏል። ዓመት ከአራት ወር ሙሉ። መዝገቡ 16 ሰዓት በሚልበት ሳምንት የእሱ ደብተር 40 ይላል። በዚያ ደብተር ላይ የነበሩትን ስሞች አንድ በአንድ እየጠራን አነጋገርን፤ ተቋራጩ በመጨረሻ የሁሉንም ጉድለት ለፈንዱ ከፈለ። ገጾቹን ፎቶ ኮፒ አንስተን ስንመልስለት ሰውየው አመሰገነና እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ ግድግዳዬ ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ ከዚያ እዚያው ቆሞ የዚያን ቀን ገጽ ጻፈ።